ልጄ የቅድመ አያቶቹን ስም ጠየቀኝ፣ የሴቶቹን አላውቅም

የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የዛፍ ሥዕል አለበት። ግንዱ ላይ የራሱን ስም ይጽፋል። ከዚያ የእናትና የአባቱን፣ ከዚያ የአራት አያቶቹን፣ ከላይ ደግሞ የስምንት ቅድመ አያቶቹን። ቁጭ ብለን አብረን መሙላት ጀመርን።

ወንዶቹን አራቱንም ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ሞላኋቸው። ለማንም መደወል አላስፈለገኝም። ስማችን ውስጥ አሉ። ከአባቴ ስም ቀጥሎ የአባቱ፣ ከእናቴ ስም ቀጥሎ የአባቷ። የባለቤቴም እንደዚያው። ሴቶቹ ጋ ስንደርስ እጄ ቆመ። ከአራቱ የማውቀው የአንዷን ብቻ ነው፤ የእናቴን እናት፣ የእማማ ምትኬን። የአባቴን እናት "እምዬ" እያልን ነው ያደግነው። ዋና ስሟን ማንም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ባለቤቴም የሁለቱን ሴት አያቶቹን ስም አያውቅም።

ልጄ ባዶዎቹን ቦታዎች አየና "ሴቶቹስ የት ሄዱ?" አለኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እናቴ አዲስ አበባ ናት። ሰማንያ ልትደፍን ትንሽ ነው የቀራት። አእምሮዋ ደህና ነው፣ ግን አሁን አሁን አንዱን ወሬ ሁለቴ መንገር ጀምራለች። ስጠይቃት "የሞተ ሰው ስም ምን ያደርግልሻል?" ብላ ጨዋታ ትቀይራለች። እናንተ ወላጆቻችሁን እንዴት አድርጋችሁ ነው ያናገራችኋቸው? እስከ ስንት ትውልድስ ትቆጥራላችሁ?

የጉለሌ ልጅ

እህቴ፣ እኔ አባቴ ከማረፉ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ድምፁን ስቀዳ ነበር። ከልምዴ ልንገርሽ።

ስም በቀጥታ አትጠይቂ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሲያዩ ሰነድ የሚያስፈርሟቸው ይመስላቸዋል። ቡና ሲፈላ ነው ጥሩው ሰዓት። እዚያ ያለ ዘመድ ስልኩን አጠገቧ ያስቀምጥልሽ። ከቤቱ ጀምሪ። ልጅ ሆነሽ ፀጉርሽን ማን ነበር የሚሠራሽ? ውኃ ከየት ነበር የምትቀጂው? ሌሊት ስትፈሪ ከማን ጋር ነበር የምትተኚው? እኔ አባቴን የአያቱን ስም ስድስት ጊዜ ጠይቄ አላገኘሁም። "የመጀመሪያ ጫማህን ማን ገዛልህ?" ስለው ግን የአያቱን ስም ከነአባቷ፣ ከነሠፈሯ ነገረኝ።

ዓመተ ምሕረትም አትጠይቂ። አያውቁትም፣ ያፍራሉ። መታወቂያ ላይ ያለው ዓመት ለወጉ የተገመተ ሊሆን ይችላል። በኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ መጻፉም አይታወቅም፤ ሰባት ስምንት ዓመት ይዛባል። ይልቅ የታወቀ ነገር ይዘሽ ጠይቂ። ጣሊያን ሲገባ፣ በ1928፣ እናትሽ አግብተው ነበር? ጣሊያን ሲወጣ፣ በ1933፣ ስንት ልጅ ነበራቸው? የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ፣ በ1953፣ አንቺ ስንተኛ ክፍል ነበርሽ? መልሱ ይመጣል። ዓመቱን ራስሽ ታሰይዋለሽ።

ሌላው፣ አያትሽ አዲስ አበባ ከኖሩ የዕድሩን መዝገብ ጠይቂ። ዕድር ለማን ሐዘን እንደሚደርስ ለማወቅ የአባሉን ወላጆች፣ ወንድምና እህት ይመዘግባል። እኔ የአባቴን እናት ስም መጀመሪያ ተጽፎ ያየሁት በሠፈራችን ዕድር ዳኛ ደብተር ላይ ነው። የክርስትና ስማቸውንም ጠይቂ። ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ "ምትኬ" ብትዪ የሚያውቅልሽ የለም። ፍትሐት የተደረገላቸው፣ ተዝካር የወጣላቸው በክርስትና ስማቸው ነው።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ እስከ ስንት ትቆጥራላችሁ ላልሽው እኔ ልመልስ።

እኔ ባደግሁበት ምሥራቅ ጎጃም ሰባት ቤት መቁጠር ግዴታ ነበር። አንደኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። ሁለት ልጆች ሊታጩ ሲሉ ሽማግሎች በአባትም በእናትም በኩል ይቆጥሩና ዘመድ ሆነው ከተገኙ ነገሩ ይቀራል። ሁለተኛው ርስት ነው። ርስት የሚገኘው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት እስከ ራስ ድረስ ቆጥሮ በማስረዳት ነው። ሰው በዳኛ ፊት ቆሞ አሥር አሥራ ሁለት ስም ያወርዳል። ከዚያ ሌላው ተነስቶ "የለም፣ እዚህ ጋ ዘለልህ" ይላል። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ እንደዚህ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። "ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚባለው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ልብ በይ። ርስት በሴት በኩልም ይወርድ ነበር። ስለዚህ ቆጠራው ውስጥ ሴቶች አሉበት። "የእገሌ ልጅ እገሊት፣ የእገሊት ልጅ እገሌ" እየተባለ ይወርዳል። ሴት አያቶቻችን ከነስማቸው ይታወሱ የነበሩት መሬት ስላስያዙ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። አዋጁ ለብዙ ጢሰኛ እፎይታ ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን ከዚያ ወዲህ ለመሬት ብሎ የሚቆጥር ጠፋ። የአባት ስም መታወቂያችን ላይ ስላለ ተረፈ። የእናቶች ስም ማረፊያ አጣ። ለልጅሽ ጥያቄ እኔ ያለኝ መልስ ይሄ ነው።

የተቆጠረውን ሁሉ ግን እንዳለ አትቀበዪ። ለመሬት ሲባል የገባ ስምም፣ የወጣ ስምም አለ። ከሁለት ሰው ለየብቻ ስሚ።

ከአዋሳ

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ይሄ ነገር ያስፈራኛል። አባቴና እናቴ ከሁለት ብሔር ናቸው። የመጀመሪያ የቀበሌ መታወቂያዬን ላወጣ ስሄድ "ብሔር" የሚለው ቦታ ላይ ጸሐፊው አንዱን ምረጥ አለኝ። የእናቴን ተውኩ። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳውም። አገራችን ዘር በመቁጠር ስንት ሰው አጣች። ውጭ ያደጉ ልጆቻችንን ከዚህ ብናወጣቸው አይሻልም?

የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ የእናትህ ነገር በጣም ነው የተሰማኝ። ግን እኔ ልጄን የምፈልገው ብሔር እንዲመርጥ አይደለም። ቅድመ አያቶቹ እነማን እንደነበሩ፣ ምን እንደበሉ፣ በምን እንደሳቁ እንዲያውቅ ነው። አንተ ለልጆችህ የእናትህን ወገን ካልነገርካቸው ያ ጸሐፊ የመረጠልህ ብቻ ነው የሚቀርላቸው።

የወሎ ልጅ (ሪያድ)

አሰላሙ አለይኩም። የአዋሳው ወንድሜ፣ እኔ በአባቴ በኩል እስከ ሰባት እቆጥራለሁ፤ ሁለቱ ክርስቲያኖች ናቸው። በእናቴ በኩል አያቷ ቄስ ነበሩ ይባላል። ወሎ እንደዚህ ነው። አክስቶቼ በፋሲካም በኢድም አንድ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ለሁለቱም እንዲመች ለየብቻ ይታረዳል። ይህን ያወቅሁት አያቴ ስትቆጥር ሰምቼ ነው። ባትቆጥርልኝ ኖሮ ስሜን አይቼ ሌላ ነገር አስብ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወደዚህ የመጣሁት በ17 ዓመቴ ነው። ደላላው ዕድሜዬን ጨመረ፣ ስሜንም ቀየረ። ፓስፖርቴ ላይ ካሉት ሦስት ስሞች አንዱ ብቻ ነው የኔ። ልጄ ደሴ እናቴ ጋ ነው የሚያድገው፣ አሁን ሰባት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን እኔ ባልኖር ይህን ወረቀት አይቶ እናቴ ማን ናት ይላል። ጽሑፍሽን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ሌሊት አሠሪዎቼ ሲተኙ ትክክለኛውን ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የእናቴን፣ የእናቴን እናት በድምፅ ቀድቼ ላኩለት። ሦስት ደቂቃ ነው። እናቴ እንድታስቀምጥለት ነግሬያታለሁ።

የአምቦበር ልጅ (እስራኤል)

የወሎዋ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የስሙን ነገር እኛም እናውቀዋለን።

እኔ የመጣሁት በ1983 ዓ.ም ግንቦት ላይ በዘመቻ ሰሎሞን ነው። 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ ማለት ነው፣ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተጓጓዘ። ታላቅ ወንድሜ በ1977 በሱዳን በኩል ቀድሞን መጥቶ ነበር። እሱ ሲመዘገብ የአባታችን ስም የቤተሰብ ስም ሆነለት። እኛ ስንመጣ የአያታችንን ስም ያዝን። እና አሁን የእሱ ልጆችና የእኔ ልጆች በወረቀት ዘመድ አይመስሉም። የእብራይስጥ ስምም ተጨመረልን። እኔ በእናቴ አፍ የምጠራበት ስም የትም አልተጻፈም።

በቤተ እስራኤል ሰባት ትውልድ ሳይቆጠር ሰርግ የለም። ልጄ እዚህ ተወልዶ፣ ወታደር ሆኖ፣ አንዲት ልጅ ይዞ መጣ። አባቴና የልጅቷ አያት ቁጭ ብለው ቆጠሩ። እኛ ስንጠብቅ ቆየን። ልጄ መጀመሪያ ተናዶ ነበር፣ ኋላ ግን ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። አራተኛው ላይ የአንድ ሰው ስም ሲመሳሰል ሁላችንም ደነገጥን። ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ዘመድ አልነበሩም፣ ተጋቡ። ያን ቀን የተጻፈው ወረቀት ነው ዛሬ ቤታችን ያለው።

አያቴ ሱዳን ላይ ቀርታለች። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ለሞቱት በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ባለው መታሰቢያ ጸሎት ይደረጋል። እናቴን ይዣት እሄዳለሁ። እዚያ ስትደርስ ሳልጠይቃት ስለ አያቴ ታወራለች። የጉለሌው ልጅ ያለው እውነት ነው። ሰው የሚያስታውሰው ቦታውን ሲያገኝ ነው።

ከፍራንክፈርት

ስለ ዲኤንኤ ምርመራ ማንም ስላላነሳ ልናገር። ምራቄን ልኬ ነበር። የመጣልኝ ውጤት ሰፊ የካርታ ቀለም ነው፣ የማንም አያቴን ስም አላገኘሁበትም። ጠቃሚው ነገር የዘመድ ዝርዝሩ ነው። እሱም የሚያሳይሽ የተመረመረውን ሰው ብቻ ነው፤ አገር ቤት ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ አልተመረመሩም። ደርግ ጊዜ በስደት ለተለያየ ቤተሰብ ይጠቅም ይሆናል። ከመላክሽ በፊት ግን ከወላጆችሽ ጋር ተነጋገሪ። ሊነገር ያልተፈለገ ነገር ሊወጣ ይችላል። ለልጅ በስጦታ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ሌሊት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አያትሽ ምትኬ ይባላሉ ብለሽ ነበር። በማን ምትክ?

እኛ ስም ዝም ብለን አናወጣም። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ካሣ፣ ካሣነሽ፣ ተተካ፣ ማስረሻ የሚባል ሰው ካለ ብዙ ጊዜ ከእሱ በፊት የሞተ አለ። በክፍሌ አርባ ዓመት ስም ስጠራ ኖሬያለሁ፤ የስንቱ ቤት ሐዘን በስም መጥሪያው ላይ እንዳለ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናትሽን የምትጠይቂው ይህን ነው። የአያትሽን ስም ያወጣው ማን ነው? ለምን?

የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

ጋሼ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የደወልኩት። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ምትኬ የሚለውን ስም ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራው አንድም ቀን ትርጉሙን አስቤው አላውቅም።

ቅዳሜ ማታ ነው፣ እዚያ እሑድ ጠዋት። የእህቴ ልጅ ቡና እያፈላች ስልኩን አቁማልን ነበር። ወንዱ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠ። አማርኛው ደካማ ነው፣ ግን ራሱ ጠየቃት። "አያቴ፣ ምትኬ ማለት ምን ማለት ነው?" አላት።

እናቴ ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ "ለወንድሟ ነዋ" አለች። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይመስል።

እማማ ምትኬ ከመወለዷ በፊት ወንድ ልጅ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ። በኅዳር በሽታ ሞተ። እናቴ ዓመቱን አታውቅም፣ "በኅዳር በሽታ" ብቻ ነው ያለችው። ስንት ዓመቱ እንደነበረ ስጠይቃት "መሮጥ ጀምሮ ነበር" አለች። በዚያው ሳምንት ጎረቤት ሦስት ሰው ስለሞተ ቀባሪ አልተገኘም፤ አባቱ ብቻውን ተሸክሞት ሄደ። እማማ ምትኬ የተወለደችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ እናቴ ሌላ ነገር ነገረችኝ። እኔም የማውቀው፣ ግን ያልገባኝ። በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤል ጠዋት እማማ ምትኬ ግቢውን ጠርጋ ቆሻሻ ታቃጥላለች። ሁሉም ሰው ያቃጥላል። እሷ ግን ጭሱ እስኪያልቅ ማንንም አታናግርም። እኛ ልጆች ስንጮህ ትቆጣናለች። እኔ ጭሱ አይኗን ስለሚያቃጥላት ነበር የሚመስለኝ።

ልጄ "ልጁ ስሙ ማን ነበር?" አለ። እናቴ አታውቅም። እማማ ምትኬም አልነገረቻትም፤ ምናልባት ለእሷም አልነገሯት ይሆናል። ብቻ ከስልኩ ማዶ እናቴ አለቀሰች። ከዚያ ግን ስልኩን አልዘጋችም። አርባ ደቂቃ አወራች። የእምዬን ዋና ስም ነገረችኝ። የአባቴ እናት ናት እንጂ የእሷ አይደለችም፣ ግን አማቷ ስለሆነች ታውቃለች። ለካ መጠየቅ የነበረብኝ እሷን ነው። እኔ አባቴ ስለሞተ ማንም የሚያውቅ የቀረ አልመሰለኝም ነበር።

ጡረተኛው መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ነፍስ ይማር። የኅዳር በሽታ 1911 ዓ.ም ነው። ፈረንጆቹ የ1918 ኢንፍሉዌንዛ የሚሉት፣ ዓለምን ሁሉ የጨረሰው። አዲስ አበባን የመታት በኅዳር ስለሆነ ነው ስሙን ያገኘው። ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠለው፣ "ኅዳር ሲታጠን" የሚባለው፣ ከዚያ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ አያትሽ ከ1911 በኋላ መወለዳቸውን አወቅሽ። ጻፊው።

ከአዋሳ

ዛሬ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። ይህን ውይይታችንን አነበብኩላት። ማታ እስከ አራት ሰዓት የእሷን ወገን ስትነግረኝ አመሸች። ልጆቼም ነበሩ። ይሄን ልላችሁ ነው።

የጉለሌ ልጅ

እህቴ፣ የሕፃኑን ስም ለማግኘት ተስፋ አትቁረጪ። ክርስትና ተነስቶ ከነበረ፣ ወንድ በአርባ ቀኑ ነውና ተነስቶ ይሆናል፣ የክርስትና አባቱ ቤተሰብ ሊኖር ይችላል። የእማማ ምትኬ ታናናሽ ወንድምና እህቶች ልጆች የሉም? ለታላቅ ልጅ ያልተነገረ አንዳንዴ ለትንሹ ይነገራል።

የሁለት ልጆች እናት (ሜሪላንድ)

አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻት፤ ልጇ ደብረ ብርሃን አለች። ስልኳን እናቴ እያፈላለገች ነው። አሁን የምትደውለው እሷ ሆናለች። ዛሬ ለሥራ ስዘጋጅ ደውላ "እንዳልረሳው ጻፊው" ብላ የአያቷን እናት ስም ነገረችኝ።

ልጄ ወረቀቱን ትናንት አስረከበ። ከእማማ ምትኬ ቅርንጫፍ ጎን አንዲት ትንሽ ቅጠል ሣለ፣ ስም የላትም። መምህሯ ምንድን ነው ስትለው "የቅድመ አያቴ ወንድም" ብሏታል።

ከአራቱ ሴቶች ሦስቱ ተሞልተዋል፤ የባለቤቴን የእናቱን እናት ስም እህቱ አገኘችልን። የቀረችው የአባቱ እናት ናት። ጎንደር አንዲት የአባቱ እህት አለችው፣ ዘጠና ዓመት አልፏታል፣ ጆሮዋ ትንሽ ከብዷል። የፊታችን እሑድ የልጅ ልጇ ቤቷ ሄዳ ቡና ታፈላለች። ባለቤቴ ከአሁኑ ጥያቄውን እያሰበ ነው። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ሲሄድ አያቱ የምታበላው ዳቦ ትዝ ይለዋል፤ ከእሱ ልጀምር ብሏል።